ለምርቃት የተነሳ እጅ

አባቴ በሬ መትቶ አያውቅም። ይህን የምለው ላመሰግነው አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የከብት ነጋዴ ነበር። ከጉኑኖ ገበያ፣ ከአረካ ገበያ እየገዛ ሶዶ ያመጣል፤ መንገዱን ሙሉ ከከብቶቹ ኋላ በእግሩ እየሄደ በአፉ ብቻ ይነዳቸዋል። «ሂድ የኔ ጌታ፣ ሂድ የኔ ሸጋ» ይላቸዋል። አብሮት የሚነዳ ሰው ዱላ ሲያነሳ ካየ ያብዳል። የተመታ በሬ ሲታረድ ሥጋው ደም ይቋጥራል፣ ይጠቁራል፤ ገዢው የነጋዴውን ክፋት የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው ይል ነበር። ስለዚህ የሰፈራችን ሰዎች ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ማለቴ ነው፣ በማኅበር የሚያርዱትን በሬ የሚያስመርጡት እሱን ነበር። «እሱ የነዳው ሥጋ ንጹሕ ነው» ይባልለታል።

እኛን ግን ይመታን ነበር።

እኛ ስል እኔና ታላቅ ወንድሜ ነን። እማዬ ሌሎችም ወልዳ ነበር፤ አልበረከቱላትም። ቤታችን ከሶዶ ገበያ ወደ ዳሞት ተራራ ሲወጣ፣ ከኋላው የእንሰት ጓሮ ያለው፣ የሣር ክዳን ቤት ነበር። ምሰሶው ላይ አለንጋ ተሰቅሏል። ከምሰሶው ወርዶ የሚያውቀው ለከብት አይደለም። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ልጅ መምታት እንደ ምግብ ማብላት የሚቆጠርበት ዘመን ነበር፤ አስተማሪም ይመታል፣ አጎትም ይመታል፣ መንገድ ላይ ያገኘህ ሽማግሌም ይመታል። ይሄን አውቃለሁ፤ አታስረዱኝ። የአባቴ ምት ግን ሌላ ነበር። የሌላው ሰው ምት ምክንያት አለው፣ ማለቂያም አለው። የእሱ ሁለቱም አልነበረውም። ጥጃ እንሰት ውስጥ ገባ፣ ምት። ቀና ብለህ አየኸኝ፣ ምት። ለምን አታየኝም፣ ምት።

ሰው «ግልፍተኛ ነው እንጂ ልቡ ጥሩ ነው፤ ራሱን መግዛት አቅቶት ነው» ይል ነበር። ውሸት! ገበያ መሐል አንድ ደላላ እናቱን እያነሳ ሲሰድበው ፈገግ ብሎ ገመዱን ጠቅልሎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። የመሬት ባለቤት ነኝ የሚል ጌታ ፊት ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሰውየው እስኪበቃው ሲቆጣው፣ ጣቱ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ራሱን መግዛትማ ያውቅበት ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲገዛ የዋለውን ራሱን ቤት ሲገባ ይለቀዋል፤ የሚለቀውም እኛ ላይ ነው። ዛሬም ይሄ ነገር ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

እኔ ስመታ ድንጋይ ነበር የምሆነው። አልጮህም፣ አላለቅስም፣ አልሮጥም። ትንፋሼን ይዤ የግድግዳውን ጭቃ ስንጥቅ አያለሁ። ውጭም እንደዚያው ነበርኩ፤ ሰው ቢሰድበኝ አልመልስም፣ ቢገፉኝ ዞር አልልም። ሰፈሩ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ፣ አደብ ያላት» እያለ ልጆቹን በእኔ ይገሥጽ ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል፤ ድሃ ምን ሌላ የሚኮራበት አለው። ወንድሜ ግን ግራ የሚያጋባ ነበር። ቤት ውስጥ ቃል አይተነፍስም፤ እንደ እኔው ይቆማል፣ ይቀበላል። ከአጥሩ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው።

ወንድሜ ጥሩ ልጅ ነበር ብዬ አልዋሽላችሁም። ለእኔ ጥሩ ነበር። ለሰው ክፉ ነበር። ድምፁ መጎርነን ከጀመረ ወዲህማ የሚችለው ጠፋ። ወደ ሻሸመኔ የሚሄደውን የጭነት መኪና ድንጋይ ይወረውርበታል። የሰው ሸንኮራ ይሰብራል፤ አምሮት አይደለም፣ ሰብሮ እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ከሻንቶ የሚመጡ የገበያ ልጆችን መንገድ ላይ ጠብቆ ይደበድባል። ምን አደረጉህ ስለው «ሳቁ» ይለኛል። በእሱ ሳቁ እንዴ? አያውቅም። ሳቁ፣ በቃ። ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን መታ አደረገው፤ ጨዋታ ነው፣ ልጅ ለልጅ የሚያደርገው። ወንድሜ ዞር ብሎ የልጁን የፊት ጥርስ አረገፈው። አስተማሪው «ይህ ልጅ ራሱን አይገዛም፤ ከሰው ጋር ሊማር አይችልም» ብሎ አሰናበተው። አባቴም ለዚህ ቀጣው፤ በምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ሰው ሁሉ «እሳት አመድ ወለደ» ይል ነበር። እንዲያ ያለ ትዕግሥተኛ አባት እንዲህ ያለ ልጅ! እኔ የውኃ እንስራዬን ተሸክሜ በሰዎቹ መሐል ሳልፍ እሰማለሁ፤ አፌን ይበላኛል፤ ግን ጨዋ ነኝ አይደል፣ ዝም ብዬ አልፋለሁ። እሳት የወለደው እሳት ነበር። አመዱ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የፈነዳው እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፣ ጊፋታ ሲቃረብ ነው። ጊፋታ ሲቃረብ ሶዶ ገበያ እግር መጣያ አይገኝበትም፤ ቅቤው፣ ቆጮው፣ በርበሬው፣ አዲስ ሸክላው ይጎርፋል። ወንድሜ በዚያ ግርግር ውስጥ ሲሄድ አንዲት ሸክላ ሠሪ አሮጊት ዕቃዋን እንዳይረግጥባት እጇን ዘርግታ «ተው ልጄ» አለችው። ያቺን ሴት እኔ አውቃታለሁ፤ ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሰው ናት። ወንድሜ ዕቃዋን አንድ በአንድ በእግሩ ሰበረው። አሮጊቷ ተቀምጣ ታየው ነበር። ወሩን ሙሉ የደከመችበት ነው። እኔ ደርሼ ክንዱን ስይዘው ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ሰው እየጎተተ የሚያሠራው ይመስል ነበር።

አባቴ ለሴትየዋ ካሣውን ከፍሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት መጣ። ገብቶ አለንጋውን አወረደ። ወንድሜም እንደ ልማዱ ምሰሶው ሥር ሄዶ ቆመ። የመጀመሪያው አረፈበት። ሁለተኛው ሲመጣ ወንድሜ እጁን ዘርግቶ አለንጋውን ያዘው።

ያዘው ብቻ ነው። አልነጠቀም፣ አልገፋም፣ አልተሳደበም። ሁለቱ አንድ አለንጋ በሁለት ጫፍ ይዘው ተያዩ። ያን ጊዜ ነው ወንድሜ ከአባቴ መርዘሙን ያየሁት። አባቴም ያን ጊዜ ያየው መሰለኝ። እኛ አገር የአባትን አለንጋ መያዝ አባትን ከመምታት አይለይም፤ ከዚያ በኋላ እርግማን ነው የሚቀረው። አባቴ አልረገመውም። አለንጋውን ለቀቀና «ከቤቴ ውጣ» አለው፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ ለደላላዎቹ በሚናገርበት ድምፅ። ወንድሜ ወጣ።

ያደረው የጭነት መኪናዎች በሚቆሙበት ሜዳ፣ ከረዳቶቹ ጋር ነው። በማግስቱ ወሬው መጣ፤ የአዋሽ ጥጥ ለቀማ ሠራተኛ የሚሰበስብ ደላላ መጥቷል፣ መኪናው በጊፋታ ዋዜማ ማለዳ ይነሳል፣ ወንድሜም ይሄዳል። አዋሽ ማለት ያን ጊዜ ለእኛ ወባ ማለት ነው። ከሰፈራችን የሄዱ ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ልብሱ ሰፍቶት ተመልሶ እናቱ ጉያ ውስጥ ሞተ፤ ሌላው ከነጭራሹ አልተመለሰም። እማዬ ወሬውን ስትሰማ የምትፍቀውን እንሰት ትታ ተነሳች። እጇን ሳትታጠብ፣ ነጠላ ሳትደርብ፣ ወደ ሰፈሩ ታላቅ ሽማግሌ ቤት ሄደች።

እማዬ የተማመነችው በጊፋታ ነው። በእኛ ወግ ተጣልቶ፣ ተቀያይሞ አዲስ ዓመት መግባት ነውር ነው። የተጣላ ይታረቃል፣ የቤት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ከአንድ ገበታ ይበላል፤ ቂም የያዘ ሰው በዚያ ሥጋ ላይ እጁን አይሰድም። እኛ ጸሎት ቤት የምንሄድ ነበርን፤ ከጸሎት ቤቱ ሰዎች የጊፋታን ጭፈራ የሚሸሹ ብዙ ነበሩ፣ እርቁን የሚሸሽ ግን አልነበረም። አባቴ ደግሞ የማኅበሩን በሬ የመረጠ ሰው ነው፤ ከልጁ ጋር ተጣልቶ በሬው ሲታረድ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ እንቢ አይልም፤ እማዬ ያሰላችው ይህን ነው። አልተሳሳተችም። ሽማግሌው አስጠርተው ሲያነጋግሩት «እግሬ ላይ ይውደቅ፣ ይቅር እላለሁ» አለ።

ወንድሜን እሺ የማሰኘቱ ሥራ የእኔ ሆነ። ሜዳው ላይ ከአንድ መኪና ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። የያዝኩለትን ቆጮ ተቀብሎኝ ይበላል።

«ናና እግሩ ላይ ውደቅ፤ በቃ ያልቃል» አልኩት።

«እሱስ?» አለኝ።

«እሱ ምን?»

«እሱ እግሬ ላይ ይወድቃል?»

«አብደሃል እንዴ?» አልኩት። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ጥያቄው እብደት ነው የመሰለኝ። አባት ለልጁ!

ቆጮውን ጨርሶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ለእማዬ ስል እመጣለሁ» አለ። «ግን ሸክላ ሠሪዋም ትጠራ። እሷ እግር ላይ መውደቅ እፈልጋለሁ።» ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ሴትየዋን ማን ይጠራታል፣ ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ሽማግሌዎቹ ከሰው አይቆጥሯትም። እሱ ግን ጠይቋል። ይጻፍልኝ።

እርቁ የሆነው በዋዜማው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደጃችን ካለው ዋንዛ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ አባቴ ከታላቁ ሽማግሌ አጠገብ። እማዬ ከበሩ ላይ ቆማለች፤ እኔ ውኃ ይዤ ከእሷ ኋላ። ወጉ ቀላል ነው። አጥፊው እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ይመጣል፣ ይንበረከካል፣ ግንባሩን የተበደለው ሰው እግር ላይ ያደርጋል። ሽማግሌው «ይቅር በለው» ይላል። የተበደለው ቀኝ እጁን አንስቶ የአጥፊው ራስ ላይ ያሳርፍና «ይቅር ብያለሁ፣ እደግ» ይላል። ከዚያ ሁሉም አሜን ይላል፣ ነገሩም ዳግመኛ አይነሳም።

ወንድሜ ሣሩን ይዞ መጣ። ፊቱን ታጥቧል። ከአጥሩ እስከ ዋንዛው ሲሄድ እማዬ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነው። ተንበረከከ። ግንባሩን አባቴ እግር ላይ አደረገ። እኔ መጀመሪያ ያላመንኩት፣ የአባቴን ዓይን እንባ ሞላው። ይህን ልደብቅለት አልችልም፤ አይቻለሁ። ሽማግሌው «ይቅር በለው» አሉ። አባቴም እጁን አነሳ።

ወንድሜ ያን ጊዜ ቀና አለ። ባይል ኖሮ! ቃሉን ሊሰማ ይሁን፣ የአባቱን ፊት ሊያይ ይሁን፣ እንጃ። ቀና ሲል ከላዩ ላይ የሚወርድ እጅ አየ። ክንዱ በራሱ ተወነጨፈ፤ ራሱን ሊከልል ነው፤ ክርኑ ግን ጎንበስ ያለውን የአባቴን አፍ አገኘው። ደም ወጣ።

«አባቱን መታ!» አለ አንዱ። በርጩማዎቹ ወደቁ። «በእርቅ ላይ! በጊፋታ!» ወንድሜ ተንበርክኮ እንዳለ ክንዱን ያየዋል፤ የሌላ ሰው ክንድ መስሎታል። ሣሩ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ተነስቶ አጥሩን ዘሎ ሄደ። የተከተለው አልነበረም። እማዬ በበሩ መቃን ተደግፋ ቁጢጥ አለች።

ሽማግሌዎቹ ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ይህ ልጅ ጠፍቷል፣ በእርቅ ላይ እጁን ያነሳ ከዚህ ሰፈር አይደለም፣ ይሂድ አዋሽ። አባቴ ከንፈሩን በጋቢው ጫፍ ይዟል።

እኔ ሴት ልጅ ነኝ። ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ ውኃ ታቀርባለች እንጂ አትናገርም፤ ያውም ልጅ፣ ያውም ጨዋ የተባልኩት። ግን በልቤ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ውኃውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና መሐላቸው ገባሁ።

«አልመታውም» አልኩ። «ሊመታው አይደለም። እጅ ከላይ ሲመጣበት እንዲህ ነው የሚሆነው። ማንም እጅ ቢሆን። የእናንተም ቢሆን።»

አንዱ ሽማግሌ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ሂጂ ወደ እናትሽ» አለኝ።

ታላቁ ሽማግሌ ግን «ተዋት» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«አባባ፣ እጅዎን እኔ ላይ ያንሱ» አልኳቸው።

«ምን?»

«እንደሚመርቁኝ አድርገው ያንሱት።»

ተነስተው ቀኝ እጃቸውን ከራሴ በላይ አነሱ። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እኔ አላየሁትም፤ እማዬ ናት በኋላ የነገረችኝ። ዓይኔ ፈጦ ቀረ፣ አልተርገበገበም። ከንፈሬ ነጭ ሆነ። ትንፋሼ ቆመ። ሽማግሌው እጃቸውን እንዳነሱ ጠበቁ፤ እኔም ጠበቅሁ። ዝንብ ጉንጬ ላይ አርፋ ወደ ዓይኔ ስትሄድ እንዳላባረርኳት ነገረችኝ እማዬ። በመጨረሻ ሽማግሌው እጃቸውን ሳይነኩኝ ቀስ ብለው አወረዱ።

«ይህች ልጅ አትተነፍስም እንዴ?» አሉ።



«እኛ እኮ ጨዋነት መስሎን ነበር» አሉ ሽማግሌው። ወደ አባቴ ዞሩ። «አንተ፣ ከበሬዎችህ አንዱን ብትጠራና እጅህን ብታነሳበት ይሸሻል?»

አባቴ ጋቢውን ከአፉ አነሳ። «አይሸሽም» አለ።

«እንግዲያው ሂድና ልጅህን አምጣ።»

ሌሎቹ አጉረመረሙ። አባት ልጁን ሄዶ ለመነ ተብሎ የት ይታወቃል? ወጉን አፈረስክብን አሏቸው። «ያፈረሰውማ ቀደም ብሎ አፍርሶታል» አሉ ሽማግሌውና ከዘራቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አባቴ የዚያን ዕለት ምግብ አልቀመሰም። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰኝ። «ነይ» አለኝ። እማዬ ከኋላችን ወጥታ አጥሩ ላይ ቀረች። እስከ ሜዳው ድረስ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። ለምን እኔን እንደወሰደኝ ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ሳስበው ብቻውን መሄድ ፈርቶ ይመስለኛል።

መኪናው ሞተሩ ተነስቷል። ከላይ ወጣቶች እንደ እህል ጆንያ ተደራርበዋል፤ ወንድሜ ከጠርዙ፣ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። አባቴን ሲያይ እግሩን ሰበሰበ። የከብት ነጋዴዎች፣ ረዳቶች፣ ሻይ ሻጮች ሁሉ አባቴን ያውቁታል፤ ዞር ዞር ብለው ማየት ጀመሩ። አባቴ ከመኪናው ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው ወስዶ አቆላለፋቸው፤ ፖሊስ ያሰረው ሰው እንደሚቆም። እኔ ከኋላው ስለነበርኩ አየዋለሁ፤ ጣቶቹ እስኪነጡ ድረስ ተያይዘዋል።

«ውረድ» አለው።

ወንድሜ የአባቴን እጆች በዓይኑ ፈለገ።

«እጄ ከኋላዬ ነው። እየው። ውረድና እናትህ ጋ እንሂድ።»

አባቴ ሲለምን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ድምፁ ለበሬዎቹ የሚያወራበት ድምፅ ነበር፤ በዚያ ድምፅ እኛን አነጋግሮን አያውቅም። ወንድሜም አወቀው፤ ፊቱ ተለዋወጠ። አንድ እግሩን መልሶ ወደ ውጭ አወጣ። ወረደ ብዬ ልቤ ዘለለ።

«እስከ መቼ?» አለ ወንድሜ።

«ምኑ?»

«እጅህ። እስከ መቼ ነው ከኋላህ የሚሆነው?»

አባቴ መዋሸት ይችል ነበር። «ለዘለዓለም» ቢል፣ «በእግዚአብሔር ስም» ቢል፣ ልጁ ይወርድ ነበር፤ እምላለሁ ይወርድ ነበር። በከብት ላይ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው። «አላውቅም» አለ።

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። «እኔም የእኔን አላውቅም» አለ። «ትናንት ሳላውቅ ነው የመታሁህ። የሚቀጥለው ግን አውቄ ነው የሚሆነው። ያንን አልፈልግም፣ አባዬ።» ከዚያ እኔን አየና «እማዬን አደራ» አለኝ፤ እግሩንም ወደ ውስጥ አስገባ።

መኪናው ሄደ። ራሱን አይገዛም ብሎ ያባረረው አስተማሪ፣ አመድ ነው ያሉት የገበያ ሰዎች፣ ያን ማለዳ እዚያ ቆመው የሚሰሙ ጆሮ ቢኖራቸው ምንኛ ደስ ባለኝ። በቤታችን ራሱን የገዛ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ራሱን ለመግዛት የከፈለው ደግሞ ቤቱን ነው፣ እናቱን ነው፣ እኔን ነው። ወንድሜን እንደገና ያየሁት አባቴ ከተቀበረ ከዓመታት በኋላ፣ ፀጉሩ ሸብቶ ነው። ከዚያ ማለዳ በኋላ አባቴ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም ብዬ ብጨርሰው ያምር ነበር። አንስቷል። እየቀነሰ ሄደ እንጂ አልቀረም። እውነቱ ይሄ ነው፤ የማያምር ከሆነ አይመር።

ወደ ቤት ስንመለስ ጸሐይ ወጥታ ነበር፤ ዋዜማ ስለሆነ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሰህ» እያለ አባቴን ለመጨበጥ እጁን ይዘረጋል። አባቴ እጁን ከኋላው አልፈታም። በአንገቱ ብቻ ሰላም እያለ፣ የሰውን እጅ አየር ላይ እየተወ አለፈ። ኮራብን ያሉ ይኖራሉ። እማዬ እንደተውናት አጥሩ ላይ ናት። ሩቅ ሳለን ጀምሮ በእኛ መሐል አሻግራ ታይ ነበር። ስንደርስ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም።

«ልጄስ?» አለች።

«ሄደ» አለ አባቴ። «እኔን ፈርቶ አይደለም። ክፉ እንዳይሠራ ብሎ ነው የሄደው።» ቀጥሎም «ከእኔ የተሻለ ሰው ነው» አላት።

እማዬ ፊቱን፣ ያበጠውን ከንፈሩን፣ እስኪበቃት አየችው።

«ይህን ለእሱ ነበር መንገር» አለችው።